ያልተበላው ቁርስ

ጋነት ኮቭ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1998

ለወንድሜ ልጅ ለዩና፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ዕለት በጀልባው መጣልኝ። ሰላምታሽን ተቀብያለሁ፤ የኔንም ባሕሩ ካልዋጠው ይድረስሽ። ጤናዬን ለጠየቅሽው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ጣሪያውን ብርዱ ሳይገባ አደስኩት። ዘንድሮ የአደን ፈቃድ ዕጣው ወጥቶልኝ ከጎረቤቴ ከሴልቢ ጋር አንድ ትልቅ አጋዘን ጥለናል። ግማሹን ሥጋ በጠርሙስ አሽገን ጓዳ ውስጥ ደርድረነዋል።

ሁለተኛውን ጥያቄ ማን በጆሮሽ እንዳስገባው ዐውቃለሁ፤ ደልሲ ናት። የእናትሽ ባልንጀራ ሆና ወሬ ሳታደርስልሽ ካደረች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሴፕቴምበር ላይ ለቀብር ባሕሩን ተሻግሬ ከተማ ሄጄ ሳለሁ ሱሪዬን ዐይታ ነው። ሱሪው ሰፋ እንጂ እኔ አልጠበብኩም ብያት ነበር፤ አልሳቀችም።

አዎ፣ ምግብ አንዳንዴ መሃል መንገድ ላይ ይቆምብኛል። ደረቅ ነገር ሲሆን ነው። ሻይ ሲከተለው ይወርዳል። ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲውጥ የኖረ ጉሮሮ ነው፣ ትንሽ ቢሰለች አልፈርድበትም።

የአባትሽን ነገር ግን እንዳታስቢ። ክላረንስን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያመው ነበር፤ እኔን አያመኝም። ያ በሽታ በሦስት ወር ወንድሜን ሲጨርሰው በማንኪያ ያበላሁት እኔ ነኝ። ያ ቢሆን ኖሮ አይቼ ባወቅሁት።

አጎትሽ ሄድሊ


ሃሊፋክስ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1998

ለአጎቴ ለሄድሊ፣

እንደምን አሉልኝ። እኔ ከሥራው ብዛት በቀር ደህና ነኝ። ደልሲን አይውቀሷት፤ እሷ ባትነግረኝ እርስዎ እንደማይነግሩኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

አባቴን ከመጀመሪያው ቀን ያመው ነበር ያሉት ልክ አይደለም። “አያመኝም፣ ትንሽ ይቆምብኛል እንጂ” ብሎ በእጁ የጻፈልኝ ደብዳቤ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ አንብቤው መልሼ አጥፌ አስቀመጥኩት። አሁን ራጅና ስካን ማንበብ ስማር ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሁለተኛ አጥፌ አላስቀምጥም፣ አጎቴ።

ስለዚህ ቁጣዎን ለኋላ ያቆዩልኝና የማዝዎትን ያድርጉ። ከተማው ሆስፒታል ደውዬ ለኖቬምበር 5፣ ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ። የምግብ ቧንቧውን በራጅ የሚያሳየውን ነጭ ፈሳሽ እየዋጡ ራጅ ይነሣሉ፣ ከዚያ ሲቲ ስካን። በጉሮሮ የሚገባው የካሜራ ቱቦ ወረፋ ረጅም ስለሆነ ወደፊት ነው። የራጅ ባለሙያዋ የደልሲ ልጅ ግሌኒስ ናት፤ እንግዳ ሰው እጅ አይወድቁም። ፊልሞቹን በአውቶቡስ ትልክልኛለች።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ፤ ሻይም ቢሆን። ቧንቧው ባዶ ካልሆነ ሥዕሉ ይዋሻል።

ዩና


ጋነት ኮቭ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1998

ለዩና፣

ያዘዝሽኝን አድርጌ ተመልሻለሁ። ከአንዷ በቀር ማለቴ ነው፤ ለእሷ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የጻፍኩት።

ረቡዕ ማታ ደልሲ ቤት አደርኩ። ሌላ ቤት ባድር ኖሮ እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ አታናግረኝም ነበር። ጠዋት ስነሣ ጠረጴዛው ተሞልቷል፤ የተጠበሰ ዳቦ በቅቤ፣ እንቁላል፣ የተራራ ፍሬ ማርማላታ። የሆስፒታሉ ሰዎች ጦም ሂድ ብለውኛል አልኳት። ሆስፒታል ስለ ምግብ ምን ያውቃል አለችኝና ሻዩን ቀዳችው። ደልሲ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አልበላም ያለ ሰው እስካሁን ስሙ በከተማው ይነሣል። እንግዲህ ይቅር በይኝ።

ሆስፒታል ስደርስ ግሌኒስ ነጩን ነገር አጠጣችኝ። ኖራ ነው የሚመስለው። ሥዕሉን ዐየችና ሳቀች። እናቷ ቀድማ ደውላ፣ ሄድሊ ሰሃኑን ጠራርጎ በላልኝ ብላታለች። “አጎት ሄድሊ፣ ቁርስዎ ይኸው እዚህ ተቀምጧል” አለችኝ። እኔም አዎ አልኩ። ቅጹ ላይ ‘በልቶ ነው የመጣው’ ብላ ጻፈች። ሌላ ቀን እንዳያስመጡኝ ባሕሩ ሊናወጥ ነው ተባለ፤ ስካኑንም እንደዚያው አነሡኝና በከሰዓቱ ጀልባ ተመለስኩ።

ሐኪሙ የነገረኝ፣ የቧንቧው የታችኛው በር ሰንፏል፣ ቶሎ አይከፈትም፣ ምግቡም እላዩ ላይ ይጠራቀማል ነው። ፌብሩዋሪ ላይ በካሜራው ዐይተው በሩን ይለጥጡታል። ያን የምትፈሪውን ቃል ማንም አላነሣውም። ፊልሞቹን ግሌኒስ ዐርብ ልካልሻለች።

አጎትሽ ሄድሊ


ሃሊፋክስ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1998

ለአጎቴ ለሄድሊ፣

ፊልሞቹ ማክሰኞ ደረሱኝ። ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ የብርሃን ሰሌዳው ላይ ሰቀልኳቸው። ሐኪሙ ያለው ልክ ነው። ቧንቧዎ ሰፍቷል፣ ከአንገት አንሥቶ ጨጓራው አጠገብ እስኪደርስ ሞልቷል፤ ነጩ ፈሳሽ ግን ግራና ቀኙን እየታከከ ያልፋል። የአባቴ እንዲህ አልነበረም። የእሱ ግድግዳው ራሱ ተኮማትሮ የአይጥ ጅራት አክሎ ነበር። የርስዎ ግድግዳ ለስላሳ ነው። መሃሉ ላይ ያለው የደልሲ ቁርስ ነው፤ ቅቤው ሳይቀር እዚህም እዚያም ጠቆር ብሎ ይታየኛል።

ዕውነቱን ልንገርዎት፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከደብዳቤዎ ወዲህ ስንት ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አልነግርዎትም። አሁን በሰላም እተኛለሁ።

አደራዬን ስለበሉብኝ ግን ልቆጣዎት ይገባል። ለመሆኑ ስንት ቁራሽ ነው የጎረሱት? እኔ የለካሁት አንድ ስንዝር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ምግብ አይወርድልኝም የሚል ሰው እንዲህ ሲበላ የትም አላየሁም። ለገና እመጣለሁ፤ እስከዚያ ሾርባ ነገር ይጠጡ።

ከብዙ ደስታ ጋር፣
ዩና


ጋነት ኮቭ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1998

ለዩና፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ስንት ቁራሽ ነው የጎረሱት የሚለው ላይ ግን ዐይኔ እየተመለሰ አስቸገረኝ። ሰንብቼ ሰንብቼ ዛሬ ብዕር አነሣሁ። ደስታሽን ላበላሽ ነውና አስቀድመሽ ተቀመጪ።

ያን ቁርስ አልበላሁትም። አንድ ጉርሻ እንኳ።

ደልሲ ፊት ብውጥ ሊያስለኝ ነው፣ ካሳለኝ ልታለቅስ ነው። ለሻዩ ፊቷን ስታዞር ዳቦውን በመሐረብ ጠቅልዬ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩት። እንቁላሉን ድመቷ ጨረሰችልኝ። ዳቦውን ወደብ ላይ ለወፎች በተንኩት። ሻዩን እንኳ አበባው ማሰሮ ውስጥ ነው የደፋሁት። ረቡዕ ቀትር ላይ አንድ ሳህን ሾርባ ከመጠጣቴ በቀር እስከ ሐሙስ ምሽት ምንም አልቀመስኩም። አንቺ እንዳዘዝሽኝ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን በላሁ አሉ ትይኛለሽ። ግሌኒስ ያን ስትለኝ፣ አልበላሁም ብል እናቷን በልጇ ፊት ውሸታም አደረግኋት ማለት ነው። ጠዋት ሙሉ ደክማ ያበሰለችልኝን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት ልበል? ሆስፒታሉ ያውቃል፣ ያያል፣ የኔ አንድ ቃል ምን ያመጣል ብዬ ዝም አልኩ። ላንቺም ያንኑ ጻፍኩልሽ፤ አንዴ የተናገርኩትን መመለስ አፈርኩ።

ሌላም የደበቅሁሽ አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ ሳል ያዘኝ። ስስል ከጉሮሮዬ አንድ ነገር ወጥቶ ምላሴ ላይ ተጋደመ። ለስላሳ ነው፣ ሥጋ ነው፣ ሁለተኛ ምላስ ያበቀልኩ መሰለኝ። በጣቴ ነካሁት። ትንፋሽ አጠረኝ፤ ከዚያ መልሼ ዋጥኩት። ከአምና ክረምት ወዲህ ይሄ ሦስተኛው ነው። ለማን ይነገራል እንዲህ ያለ ነገር?

እናቴ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ትል ነበር። ቀባሪዎቼ ሳይሆኑ አንቺ እንድታውቂው ብዬ ነው። ፈርቻለሁ፣ ልጄ።

ሄድሊ


ሃሊፋክስ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1998

ለአጎቴ ለሄድሊ፣

ትናንት በስልክ “እሺ፣ እሺ” ብቻ ሲሉኝ ሴልቢና ሚስቱ ወጥ ቤትዎ ተቀምጠው እንደነበር ገብቶኛል። የቸኮልኩት ሆስፒታል የሚገቡበትን ቀን ልነግርዎት ነበር። የቀረውን አሁን ረጋ ብለው ያንብቡት።

ተሳስቻለሁ። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ፊልሞቹን ይዤ አስተማሪዬ ዶክተር አርሰኖ ቢሮ ገባሁ። ቁርሱ እንዳልተበላ ነገርኩት። ፊልሞቹን እንደገና ሰሌዳው ላይ ሰቀላቸው። ከዚያ “የበላው ነገር ከሌለ ይሄ የራሱ አካል ነው” አለኝ። ስካኑን ያነሡትን ሆስፒታል አስደውሎ፣ እነዚያን ቅቤ ያልኳቸውን ጠቆር ያሉ ቦታዎች ምን ያህል እንደሚጠቁሩ በማሽኑ አስለካቸው። ዳቦ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳው አየር ይይዝ ነበር፤ አየር ደግሞ ድቅድቅ ጥቁር ነው። ይሄ አየር አልነበረም። ስብ ነው፣ የሰው ስብ፤ በመሃሉ ሥጋ የተቀላቀለበት። ምስሎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ እየተከተለ አንገት ድረስ ወሰደኝ። እዚያ አውራ ጣት የሚያክል ሥር ግድግዳው ላይ ተተክሏል። በሠላሳ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ያየው ሁለት ብቻ ነው።

የልኬቱ ቁጥር እኔም ብጠይቅ ይሰጠኝ ነበር። ያልጠየቅሁት ቅጹ ‘በልቷል’ ስለሚል ብቻ አይደለም። ቁርስ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው። የአባቴ ዓይነት አለመሆኑን ሳይ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ አልጠየቅሁም። ማየት የፈለግሁትን አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። የርስዎን ውሸት ይቅር ብዬዎታለሁ፤ የራሴ ነው አልወርድ ያለኝ።

አሁን የምነግርዎት ይህ ነው። ዕጢ ነው። ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ወጥቶ ሳይመረመር ማንም አያውቅም። ግን የአባቴ ግድግዳውን ራሱን እየበላ የሄደ ነበር፤ ይሄ ተንጠልጥሎ ያደገ ነው፣ ከሥሩ ከተቆረጠ ሙሉውን ይወጣል። ቀዶ ሐኪሟ በአንገት በኩል ከፍታ ልታወጣው ትችላለች። አደጋው መቆየቱ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ወደ ላይ መጥቶ የመተንፈሻውን በር ቢዘጋ የሚደርስልዎት የለም። እስከዚያ ትራስ ደራርበው ከፍ ብለው ይተኙ። ከመጣም አይጎትቱት፣ አይንከሱት።

አልጋው ለዲሴምበር 17 ተይዟል። በረዶው ባሕሩን ሳይዘጋ ይምጡልኝ፤ እለምንዎታለሁ።

ዩና


ጋነት ኮቭ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1998

ለዩና፣

ይህ ደብዳቤና እኔ በአንድ ጀልባ ሳንሳፈር አንቀርም። ቢሆንም ፊትሽ ቆሜ የማልለውን ልጻፈው።

ክላረንስ ሃሊፋክስ በእግሩ ሄዶ በሳጥን ነው የተመለሰው። ሳጥኑን ወደብ ላይ ስቀበል፣ እኔን ማንም አይከፍተኝም፣ ቤቴ እሞታለሁ ብዬ ምዬ ነበር። ሱሪዬ ሲሰፋ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ደልሲና ድመቷ ሰበብ ናቸው። ዐርብ ማታ ለሴልቢ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ እንደምታውቂው በዓመት አሥር ቃል አይናገርም። ጀልባውን አብሬህ እሳፈራለሁ አለና ወጣ። ያን ጊዜ መሐላዬ ፈረሰ።

አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ያወጡት ነገር ተመርምሮ ስሙ ሲታወቅ፣ እኔ ቤቴ ተመልሼ ከሆነ ስልክ አትደውዪ። ስልክ ላይ ድምፅሽን እሰማና ቃሉን አልሰማም። ጻፊልኝ። ምንም ይሁን ምን አታለሳልሺው፤ ለአባትሽ ሲያለሳልሱለት ሰምቻለሁ፣ ምንም አልጠቀመውም።

ስለ ስህተትሽ የጻፍሽውን አሁን አልመልስልሽም። በልቶ የመጣ ነው ብሎ ያሳሳተሽ ሰው እኔ ነኝና ለጊዜው አፍ የለኝም።

አጎትሽ ሄድሊ


ሃሊፋክስ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1999

ለአጎቴ ለሄድሊ፣

ካንሰር ነው።

ሳታለሳልሺ ጻፊ ስላሉኝ ሰላምታውን ወደ ኋላ አደረግሁት፤ ይቅርታ። እንደምን አሉልኝ። አሁን ቀጥለው ያንብቡ፣ ገጹን አያጥፉት።

ስሙ ሊፖሳርኮማ ነው፤ ከስብ የሚነሣ ነው። በምግብ ቧንቧ ውስጥ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ይገኛል። የርስዎ ዝግተኛው ዓይነት ነው፤ ምናልባት ለብዙ ዓመት ሲያድግ ኖሯል። ርዝመቱ አሥራ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነበር። ከነሥሩ ወጥቷል፣ የተቆረጠበት ጫፍ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ንጹሕ ነው። ሌላ ቦታ የሄደ ነገር በስካኑ አልተገኘም። ጨረርም ሆነ በደም ሥር የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት አያስፈልግዎትም። አንዳንዴ ግን ከዓመታት በኋላ ሥሩ ከነበረበት ተመልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ መጥተው ስካን ይነሣሉ። ዶክተር አርሰኖ እንዲህ ዓይነቱ ከያዛቸው አብዛኞቹ በሌላ ነገር ነው የሚሞቱት ብሎኛል። እርስዎ ቢሰሙት ይስቁ ነበር ብዬ ነው የጻፍኩልዎት።

ባለፈው ረቡዕ ሥዕል አንባቢዎች ሁሉ በሚሰበሰቡበት ስብሰባ ፊልሞችዎን አቀረብኩ። መጀመሪያ የራሴን ንባብ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ምግብ፣ ቅቤ፣ የሰነፈ በር። ጉንጬ እየነደደ ነበር። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሐኪም፣ እኔም አምና እንዲህ ጽፌ ነበር፣ ሰውየውን ግን ማንም ምን በላህ ብሎ አልጠየቀውም አለ። ግሌኒስም ጽፋልኛለች። ከእንግዲህ የምትጠይቀው በሽተኛውን ራሱን ብቻ እንደሆነ፣ እናቷን እንደማታምን ነግራኛለች።

የመጪውን ዲሴምበር ሥዕል እንዲያነብ ዶክተር አርሰኖን ለምኜዋለሁ። እኔ አላነበውም። በሌላ ሰው ፊልም ላይ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ በርስዎ ላይ ግን ዓይኔን አላምነውም። አንዴ በፍቅር ታውሬ ሊሞቱብኝ ነበር። እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ።

የምትወድዎ፣
ዩና


ጋነት ኮቭ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1999

ለዩና፣

ደብዳቤሽን ወጥ ቤት ቆሜ ከፈትኩት። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩና ተቀመጥኩ። ሴልቢ አጠገቤ ነበር፤ ገጹን ወስዶ የቀረውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። እንዳልኩሽ በዓመት አሥር ቃል የሚናገር ሰው ነው። ያን ቀን የሦስት ዓመቱን ጨረሰ። ‘በሌላ ነገር ነው የሚሞቱት’ የሚለው ጋ ሲደርስ ሁለታችንም ሳቅን፤ ስፌቱ እስኪያመኝ።

የጤናዬን ነገር ልንገርሽ። ድምፄ ትንሽ ሻክሯል፤ በመዝሙር ሰዓት ዝም ብዬ አፌን አንቀሳቅሳለሁ፣ ማንም አላወቀብኝም። ሱሪዬ ጠቦልኛል። እሑድ ምሳ ጨው የገባበት የበሬ ሥጋ ከድንችና ከጎመን ጋር በላሁ። እየፈራሁ ነበር የዋጥኩት። ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። ሦስተኛው ላይ መፍራት ረሳሁ።

ክላረንስን አሰብኩት። ያን ቃል እሱም ሰምቶት ነበር፣ እኔም ሰማሁት። እሱ ሞተ እኔ በላሁ። ምክንያቱን አላውቅም፤ አንድ ቤት ያደግን ወንድማማቾች ነን። አለቀስኩለት፣ ከዚያ ሳህኔን አጠብኩ።

አሁን ስለ ሥዕሉ። ዶክተር አርሰኖ ጥሩ ሰው ነው፣ ሆስፒታል አልጋዬ ድረስ መጥቶ ጨብጦኛል። እሱም ይየው፣ ሁለተኛ ሆኖ። መጀመሪያ የምታዪው ግን አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው ካነበበው አልመጣም፣ ባሕሩ ቢዘጋም ባይዘጋም። ግትር እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ከአባትሽ ጋር የተካፈልነው ውርስ እሱ ብቻ ነው።

እጄ ይንቀጠቀጣል ብለሻል። ይንቀጠቀጥ። ማየት የምፈልገውን ነው የማየው ብለሻል። ኖቬምበር ላይ ልክ ነበርሽ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ወረቀት ጽፈሽልኛል፣ አሁን ፊቴ ተዘርግቷል። የምትወጂው ሰው ደህና እንዲሆን ከምንም በላይ እየፈለግሽ፣ ከሰላምታ በፊት፣ ካንሰር ነው ብለሽ ጻፍሽ። እንዲህ ብላ መጻፍ የቻለች ልጅ ፊልሜ ላይ ያለውን አይታ አትደብቀኝም።

የዲሴምበሩን ቀጠሮ አንቺው ያዢልኝ።

አጎትሽ ሄድሊ